ዘቢብ በእህትዎ ሳህን

ይድረስ ለማከብርዎት ለባለቤቴ ታላቅ እህት፣ ለእትዬ፤

እንደምን ከረሙልኝ? ጉልበትዎስ ተሻለው ወይስ ደረጃ መውጣት አሁንም ያስቸግርዎታል? የልጅ ልጆችዎ ደህና ናቸው? እኔ ለጤናዬ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። መጋዝ እንደ ድሮው ባልገፋም፣ ወንበርና ሳጥን መጠገን አላቃተኝም። ለጤናዬ ያልኩት አውቄ ነው፤ ሌላው ነገሬ ደህና ስላልሆነ ነው የምጽፍልዎ።

እህትዎ በታመመች ጊዜ ነርሷ ያስተማረቻትን ቁርስ ያስታውሱታል። ስንዴውንና አጃውን ፍሬው እንዳለ ማታ ትዘፈዝፈዋለች፤ ጠዋት ውሃውን አጥልላ እርጎ ታፈስበታለች፤ ፖም ትፍቅበታለች፤ ሙዝ ትከትፍበታለች። ሙስሊ ይባላል ብትለኝ የፈረስ ቀለብ ነው አልኳት። «እንግዲያው ፈረሴ ሆነህ ብላ» አለችና ሳቀችብኝ፤ በዚያው ለምጄ ቀረሁ። ዘቢብ ግን አታስገባበትም ነበር። ዝንብ የወደቀበት ይመስላል ትል ነበር፤ እርስዎም በዚህ ይስቁባት ነበር።

ካረፈች በኋላም ማታ ጸሎቴን አድርሼ በሁለት ሳህን እዘፈዝፋለሁ። ሆን ብዬ አይደለም፤ እጄ ለምዶ ነው። ጠዋት ሁለቱንም እኔው እበላቸው ነበር።

ከላይኛው ፎቅ የምትኖር ልብስ ሰፊ አለች፤ እሷም ባሏ የሞተባት ናት። አንድ ጠዋት የስፌት መኪናዋ ጠረጴዛ እግሩ ተንገዳግዶባት እንድጠግንላት ልትለምነኝ መጣች። ሁለቱን ሳህኖች አይታ፣ እንግዳ አለብዎት እንዴ ብትለኝ፣ የሞተችው ሚስቴ ናት ማለት አሳፈረኝ።

«ለእርስዎ ነው» አልኳት።

ከአፌ አመለጠኝ። እሷም አመስግና ተቀመጠችና በላች። እያኘከች፣ ይሄስ ጥርሱን ላልጨረሰ ሰው ነው ብላ ቀለደች። ዘቢብ የለውም ወይ ብላ ስትጠይቀኝ ግን፣ በዚህ ቤት ዘቢብ አይገባም አልኳት፤ ቆጣም አልኩ መሰለኝ።

ጠረጴዛውን ጠገንኩላት፤ ነገሩ በዚያ ማለቅ ነበረበት። ማክሰኞ መጣች፤ ሐሙስ መጣች፤ ከዚያ ፖሙን የምትፍቀው እሷ ሆነች። ውሸቴ ቀስ እያለ እውነት ሆነ። እትዬ፣ እንዴት ብዬ ልንገርዎ? የጠዋት ጸሎት ቆሜ ጆሮዬ ደረጃው ላይ ነው። የእህትዎን ስም የምጠራበት ላይ ስደርስ ኮቴ ከሰማሁ፣ አሜንን አስቀድማለሁ።

ባለፈው እሁድ ጠዋት ክዳኑን ሳነሳ፣ በእህትዎ ሳህን ውስጥ ዘቢብ አብጦ አየሁ። በእኔ ሳህን የለም። ከሱቅ የገዛሁትም፣ የጨመርኩትም እኔ ነኝ፤ ሌላ ማን አለ? መቼ እንዳሰብኩት ግን አላውቅም። እህትዎን አልረሳ ብሎ ሁለት ሳህን ሲያወጣ የኖረው እጄ፣ ያው እጄ ረስቷት ተገኘ።

ልለቅመው ስል ጎረቤቴ ገባች። ዘቢቡን አየችው። አንገቷን ደፍታ ፈገግ አለችና ማንኪያዋን አነሳች። ያን ጊዜ ምን እንደነካኝ እንጃ።

«ተሳስቼ ነው» አልኳት።

ማንኪያዋን ቀስ ብላ አስቀመጠች። «እኔም ተሳስቼ ነው፤ አይዞዎት» ብላ ወጣች። ከዚያ ወዲህ አልመጣችም። የስፌት መኪናዋ ከራሴ በላይ ይሰማኛል፤ ዝም ሲል ደግሞ ይብሳል።

በአንድ ጠዋት ሁለቱንም ካድኩ፤ የሞተችውን በእጄ፣ ያለችውን በአፌ። ንስሐ ልግባ ብል የትኛውን ኃጢአቴ ብዬ እንደምናገር ግራ ገባኝ። በዚህ ዕድሜዬ ይህን ለእርስዎ መጻፌም ራሱ ፊቴን ያቃጥለዋል።

እህትዎን ከእኔ በፊት ያወቋት እርስዎ ነዎት። ያሳደጓትም እርስዎ ነዎት። አሁን ሁለቱን ሳህን ዘፍዝፌ ነው የምጽፍልዎ፤ ዘቢቡ ከነከረጢቱ አጠገቤ ነው። ወደ ሱቅ ልመልሰው ወይስ ልጨምረው? ቁርጡን ይንገሩኝ። ቢቆጡኝ እችለዋለሁ፤ ዝም እንዳይሉኝ ብቻ።

እግዚአብሔር ጉልበትዎን ያጽናልዎ፤ ቤትዎን በጤና ይሙላልዎ። በጸሎትዎ እኔንም፣ ከላይ ያለችውንም ያስቡን።

ምን ብዬ እንደምፈርም ብዙ አሰብኩ። እርስዎ ሌላ እስኪሉኝ ድረስ፣

የእህትዎ ባል