የአሲዱ ሳፋና የቅርጫው በሬ

መስከረም 11

ሳፋው ቦታው ላይ የለም። ጠዋት ሱቁን ስከፍት ያየሁት ይህንኑ ነው።

ንዴቴ እንዲወጣልኝ ከመጀመሪያው ልጻፈው። የብር ጌጥ ስንበይድ ይጠቁራል፤ የምናጸዳው አሲድ ውስጥ ነክረን ነው። ከብሩ ጋር የተደባለቀው መዳብ እየሟሟ አሲዱን ሰማያዊ ያደርገዋል፣ ያኔ አርጅቷል ማለት ነው። እኔ ቤኪንግ ሶዳ እየነሰነስኩ አረፋው እስኪቆም አበርደዋለሁ፣ ከዚያ ሳፋ ውስጥ እንዲደርቅ ሱቁ ጥግ አስቀምጠዋለሁ። ሆሳዕና ውስጥ የማውቃቸው አንጥረኞች ቦይ ውስጥ ይደፉታል። እኔ አልደፋም። ማቃጠሉን ቢተውም መዳቡ መርዝ ነው።

ወንድሜ ጌታቸው ግን "ለበዓል ደንበኛ ይመጣል፣ ይሄ ቆሻሻ እዚህ ምን ይሠራል?" ብሎ ጓሮ አውጥቶታል። ሳይነግረኝ! ጓሮው የግቢው ሰው ሁሉ የሚመላለስበት ነው። ታላቄ ነውና "ጋሼ፣ እባክህ" አልኩት። "ማታ አስገባዋለሁ" አለኝ።

መስከረም 12

አላስገባውም።

የግቢው ሰው ለመስቀል ዓመቱን ሙሉ ያዋጣበት የቅርጫ በሬ ትናንት ምሽት ከዳምቦያ ገበያ መጣ። ጓሮ አሰሩት፣ ከሳፋው አጠገብ። ዛሬ ስወጣ ሳፋው ተልሶ ጸድቷል፣ የበሬው አፍንጫ ላይ ሰማያዊ ዝቃጭ ደርቋል።

ሶዳና አሲድ ሲገናኙ የሚተርፈው ጨው ጨው ይላል። ጨው ያገኘን በሬ ደግሞ ምን ያቆመዋል?

ጌታቸው ሳፋውን አየ፣ በሬውን አየ፣ ከዚያ "ዝም በይ" አለኝ። "ይሄን የሚያክል በሬ ምን ይሆናል? ቢበዛ ሆዱን ይቆርጠዋል።" ሳፋውን አጠበና እጣቢውን ቦይ ውስጥ ደፋው። ዓይኔ እያየ።

መስከረም 13

በሬው ሣር አልነካም። ለሃጩ ይዝረበረባል፣ ተቅማጡ አረንጓዴ ነው። ቅርጫውን የሚያስተባብሩት ጎረቤታችን አቶ ሄራሞ "መንገድ ደክሞት ነው" አሉ። የግቢው ልጆች ሣር ይዘው ይለማመጡታል።

እኔ ቆሜ አያለሁ። አፌን የያዘው ጌታቸው ነው፤ "ከግቢው ታስባርሪናለሽ" ይላል።

ቆይቼ ደግሞ ሌላ ሰማሁ። የቅርጫው ሰዎች የደከመ በሬ ከሚከሳ ቶሎ ይታረድ ብለው ቀኑን ሊያስቀድሙት ነው። ነገ መናገር አለብኝ፣ ጌታቸው የፈለገውን ይበል።

መስከረም 14

ነገርኩ። አቶ ሄራሞ ቤት ገብቼ፣ "ቁጭ በይ" ሲሉኝ እንኳ ሳልቀመጥ። እስክጨርስ ሰሙኝና "አንቺ ልጅ፣ ከትናንት ወዲያ ያወቅሽውን ዛሬ ነው የምትነግሪኝ?" አሉ። በራሴም ተናደድኩ።

የእንስሳት ሐኪም አስመጡ። መድኃኒት ሰጠው። ቢተርፍም መዳቡ ጉበቱ ውስጥ ስለሚቀመጥ እሱ ሳይፈቅድ እንዳይታረድ አለ። በቃ፣ መስቀል ያለ ሥጋ።

መስከረም 15

የቅርጫው ሰዎች ጓሮ ተሰበሰቡ። የቻሉትን ያህል ጮኹብን፤ ልጆቻችንን ልትጨርሱብን ነበር አሉ። እውነታቸውን ነው።

ከዚያ ጌታቸው ምን ቢል ጥሩ ነው? "አዲሎ ወስደን እንሽጠው። መንገደኛ የበዛበት ከተማ ነው፣ ማን ያውቀናል?" አለ። ይሄም ያንስ ይመስል ሁለት ሰዎች ተስማምተው ራሳቸውን ነቀነቁ። አሁን ስለ ልጆቻቸው ሲጮኹ የነበሩት! የአዲሎ ሰው ልጅ የለውም?

ጮህኩ። ትልልቅ ሰዎች ፊት ጮህኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ጋሼ ስለው የኖርኩትን "አንተ" አልኩት፣ "አንተ ትበላዋለህ?" አልኩት።

አቶ ሄራሞ "አይሸጥም" አሉ። ገመዱን ራሳቸው ፈትተው በሬውን ወደ በረታቸው ወሰዱት።

መስከረም 16

ጌታቸው አያናግረኝም። ሱቅ ውስጥ ጀርባ ተሰጣጥተን እንሠራለን። "በወንድሟ ላይ ሰው ፊት ትጮኻለች" ይላል፣ እሱም ለደንበኛ ነው፣ ለኔ አይደለም።

ከሚመጣው ዓመት ጀምሮ ከቅርጫው እንዳስወጡን ሰማሁ። እነሱን ብሆን እኔም አስወጣን ነበር። ቢሆንም ያበግነኛል። ሳፋውን ያወጣሁት እኔ አይደለሁማ።

መስከረም 17

መስቀል። አንዳንዱ ቤት ዶሮ ሠርቷል፣ አንዳንዱ ጎመንና አይብ። እኛን "ኑ ቅመሱ" ያለ የለም። የአቶ ሄራሞ ባለቤት አጠገቤ አለፉ፣ ሰላም አላሉኝም። በሬው ትንሽ ሣር ቀምሷል ይባላል። ይተርፍ አይተርፍ አልታወቀም።

ከሰዓት በር ላይ ቆሜ ነበር። ከግቢው ልጆች አንዱ በጣቱ ጠቆመኝና "ሥጋ ያስከለከለችን እሷ ናት" አለ። ሌሎቹም ዞረው አዩኝ። ከዚያ ረሱኝ፣ እየተሯሯጡ ወደ መንገዱ ወጡ። እስኪርቁ ድረስ አየኋቸው። አንዳቸውም ሆዱን አሞት ወደ ኋላ አልቀረም።