ውሃ ለሌለው ኮረብታ ዋና ኃላፊ

ለተከበሩ የመናፈሻና የመዝናኛ ስፍራዎች ልማት ጽሕፈት ቤት ዋና ኃላፊ
አዳማ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለመላ ቤተሰብዎና ለወንበርዎ ጤና ያለኝን መልካም ምኞት በአክብሮት እገልጻለሁ። የአዳማ ነፋስ የቢሮዎን መስኮት በኃይል እንዳያንኳኳ፣ አቧራችንም በማኅተምዎ ላይ እንዳያርፍ ዘወትር እመኛለሁ። ከወለንጪቲ መውጫ በላይ ባሉት የጋራ መኖሪያ ቤቶች የምንኖረው እኛም፣ ፎጣ ተሸክመን ከመዋላችን በቀር፣ ደኅና ነን። የፎጣውን ነገር በቦታው እመለስበታለሁ።

ከቤታችን ፊት ለፊት ያለው ኮረብታ ጽሕፈት ቤትዎ መናፈሻ ሳያደርገው በፊት እንዲሁ ኮረብታ ነበር። በግራሮቹ መካከል የሰው እግር ያወጣው ቀጭን መንገድ ነበረው። አናቱ ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነበረው፤ እዚያ ቁጭ ብሎ ማዶ የሚዞሩትን የነፋስ ተርባይኖች እያዩ ጎረቤት ማማት ይቻል ነበር። ማንም አላለማውም ነበርና ሁላችንም እንጠቀምበት ነበር። ይህ ጉድለት በእርስዎ ዘመን በመታረሙ እያመሰገንሁ፣ ጥቂት ነጥቦችን እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

፩. ስለ አጥሩ። ኮረብታውን ዙሪያውን በቆርቆሮ ስላሳጠሩልን፣ ለመናፈሻ የሚያስፈልገው ነፋስ ወደ ውጭ አያመልጥም። እኛም ኮረብታውን ማየት ስላልቻልን የምናየው በቆርቆሮው ላይ የተሳለውን ሥዕሉን ነው። በሥዕሉ ላይ ኮረብታችን ኖሮት የማያውቅ ፏፏቴ ይወርዳል፤ ከፏፏቴውም ሥር በሕይወት ዘመናችን አዳማ ላይ ያላየናቸው ነጫጭ ዳክዬዎች ይንሳፈፋሉ። ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ቆርቆሮው ያጨበጭባል። ለምረቃው የሚለማመድ ይመስለናል።

፪. ስለ ሰሌዳው። በበሩ ላይ በጥሩ ቀለምና በጥሩ የእጅ ጽሑፍ «ከዋና ተጠቃሚዎች በስተቀር መግባት ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል። ሐሳብዎ ቅን እንደሆነ እናውቃለን። የመሠረት ድንጋዩ በተቀመጠ ዕለት ድንኳን ውስጥ ሆነው «የዚህ መናፈሻ ዋና ተጠቃሚ የአካባቢው ነዋሪ ነው» ሲሉ ካጨበጨቡት አንዱ እኔ ነበርሁ። ሰሌዳውም እኛን አስገብቶ ሌላውን ሊያስቀር ታስቦ መጻፉ ግልጽ ነው።

ይሁንና ክቡርነትዎ እንደሚያውቁት «ዋና» ጠብቆ ሲነበብ ከማዕረግዎ ፊት የሚቆመው ክቡር ቃል ነው፤ ላልቶ ሲነበብ ደግሞ ሰው ልብሱን አውልቆ ውሃ ውስጥ የሚሠራው ሥራ ነው። ፊደላችን ማጥበቂያና ማላያ የለውም። ለበሩ የቀጠሯቸው ጥበቃ አቶ ነጋሳ ደግሞ ከዚህ በፊት ለብዙ ዓመታት በአንድ ሆቴል የመዋኛ ገንዳ በር ላይ ያገለገሉ፣ በዲሲፕሊናቸው የተመሰገኑ ሰው ናቸው። እዚያ በር ላይ ይህንኑ ዐረፍተ ነገር፣ በዚሁ ፊደል፣ በዚሁ አሰካክ ሲጠብቁ ኖረዋል። ስለዚህ በሩ በተከፈተ በመጀመሪያው ቀን ገና «አካም ኦልተኒ» ብለው በፈገግታ ሰላም ካሉን በኋላ፣ በፍጹም ትሕትና ፎጣ ጠየቁን።

ወይዘሮ ሸዋወርቅ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ጂኦግራፊ ያስተማሩ ጎረቤታችን ናቸው። የኮረብታውን አፈጣጠር ከእሳተ ገሞራ አንሥተው ካስረዱ በኋላ፣ እዚህ ውሃ ኖሮ እንደማያውቅ ለአቶ ነጋሳ ገለጹላቸው። እሳቸውም እስከ መጨረሻው አዳምጠው መለሱ።

«ውሃው የኔ ሥራ አይደለም እትዬ። የኔ ሥራ በሩ ነው።»

በጽሕፈት ቤትዎ ያሉትን ሠራተኞች ሁሉ በዚህ ዐረፍተ ነገር ላይ እንዲያሠለጥኗቸው እመክር ነበር፤ ሳስበው ግን ቀድመው የሠለጠኑ ይመስለኛል። አቤቱታችንን ይዘን በመጣን ጊዜ ያስተናገዱን ባለሙያ ወንበር ሰጥተው ካስቀመጡን በኋላ፣ ጽሑፉ ትክክል እንደሆነ፣ የተሳሳተው አነባበቡ ብቻ እንደሆነ፣ አነባበብ ደግሞ በጽሕፈት ቤቱ ሥልጣን ሥር እንደማይወድቅ በትዕግሥት አስረድተውናል። ለወንበሩ እናመሰግናለን።

፫. ስለ አዲሱ የስፖርት ዓይነት። ሰው ለለመደው መንገድ ሲል ምን የማያደርገው አለ? ከአሥር ሰዓት ጀምሮ ሰፈሩ ፎጣውን በትከሻው ጣል እያደረገ ወደ ደረቁ ኮረብታ ይተማል። ወይዘሮ ሸዋወርቅ የሰሐን ማድረቂያ ጨርቃቸውን ይዘው ይገባሉ። ከእኛ ብሎክ በታች ሱቅ ያላት ሱሃይላ፣ ሶፍትና ሻምፑ ትሰቅልበት በነበረው ገመድ ላይ አሁን ፎጣ በየቀለሙ አሰልፋለች፤ ለእርስዎም ሳታሰልስ ዱዓ ታደርጋለች። ፈሪድ የሚባል የባጃጅ ሾፌር የዋና መነጽር አድርጎ መውጣት ጀምሮ ነበር። መጀመሪያ ለቀልድ ነበር፤ በኋላ ግን ለአቧራው ሁነኛ ሆኖ አገኘው።

ዘመዴ ቢኒያም ከሞጆ ሊጠይቀኝ መጥቶ ይህን ሰልፍ ካየ በኋላ፣ «እኛ ደረቅ ወደብ አለን ብለን ስንኮራባችሁ፣ እናንተ ደረቅ ዋና ጀመራችሁ» አለኝ። ከተማችን ከሞጆ በልጣ በማየቴ የተሰማኝን ኩራት ላካፍልዎ እወዳለሁ።

፬. ስለ ጋሽ ገመዳ። ክቡር ሆይ፣ እስካሁን ላሳቅሁዎ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ደብዳቤውን ወዳስጻፈኝ ነገር እመጣለሁ።

ጋሽ ገመዳ በተሳቢ መኪና ጅቡቲ ሲመላለሱ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ስኳር አለባቸው፤ ሐኪማቸው በየቀኑ በእግር እንዲሄዱ አጥብቆ አዟቸዋል፤ ኮረብታውም መድኃኒታቸው ነበር። በሩ ላይ ፎጣ ሲጠየቁ ሱሃይላ ከገመዱ አውርዳ ልታውሳቸው ሮጣ መጣች። አልተቀበሏትም።

«ጅቡቲ ስመላለስ ባሕሩን ከሩቅ አየዋለሁ እንጂ አንድም ቀን አልገባሁበትም» አሉ። «ዛሬ ዋናተኛ ነኝ ብዬ ለመዋሸት ጊዜው አልፎብኛል።»

ለአቶ ነጋሳ እጅ ነሥተው ዞሩ። ከዚያን ቀን ወዲህ የሚሄዱት በአስፋልቱ ዳር፣ በተሳቢዎቹ መካከል ነው። ባለፈው ሳምንት የአንድ ተሳቢ መስተዋት ኮፍያቸውን ከራሳቸው ላይ ወስዶታል። ኮፍያውን አንሥተው አቧራውን አራገፉና፣ ጥፋቱ የሾፌሩ እንዳልሆነ፣ የመኪና መንገድ የሰው መንገድ እንዳልሆነ እሳቸው ራሳቸው ለእኛ አስረዱን። ባለቤታቸው ወይዘሮ እንቁ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ባላቸው እስኪመለሱ ድረስ ከበረንዳው አይገቡም። ከበረንዳው ላይ አስፋልቱ ይታያል። ኮፍያው ቀይ መሆኑ ይረዳቸዋል።

ከዚህ የተነሣ ጽሕፈት ቤትዎ ያቋቋመው አሠራር በሁሉም ረገድ የተሳካ መሆኑን ስመሰክር ደስ ይለኛል። የሚዋሽ ሁሉ ይገባል። የቀሩት የማይዋሹት አንድ ሰው ብቻ ናቸው።

፭. ስለ መፍትሔው። «ዋና» የምትለዋ ቃል በቀለም ብትሸፈን «ከተጠቃሚዎች በስተቀር» የሚለው ይቀራል፤ ሁላችንም ተጠቃሚ ነን። ይህ ከባድ ከሆነ ሰሌዳው ይውረድ። ይህም ኮሚቴ የሚያስፈልገው ከሆነ፣ ጋሽ ገመዳ ያለ ፎጣ እንዲገቡ ለአቶ ነጋሳ በስልክ አንድ ቃል ይንገሯቸው። እባክዎ ሲነግሯቸው አይጻፉላቸው።

እስከዚያው ድረስ ለሠሩልን አጥር፣ ለዳክዬዎቹና አነባበባችንን ለእኛ ስለተዉልን ነፃነት፣ ከአንገቴ ዝቅ ብዬ፣ ፎጣዬም ከትከሻዬ እንዳይወድቅ በአንድ እጄ ደግፌ ምስጋናዬን አቀርባለሁ።

ጠብቆም ላልቶም አክባሪዎ፣
መሳይ ኃይለየሱስ
የኮረብታው ጎረቤት፣ በበሩ ደንብ መሠረትም ዋናተኛ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ ከጨረስሁ በኋላ፣ ሐሙስ ዕለት ለጉብኝት መጥተው አቶ ነጋሳ በሩ ላይ እንዳቆሙዎ ሰማሁ። «ዋና ኃላፊው እኔ ነኝ» ብለው በሚገባ አጥብቀው እንደተናገሩ፣ እሳቸውም ብድግ ብለው ሰላምታ ከሰጡ በኋላ «እንግዲያው ምሳሌ መሆን ያለብዎ እርስዎ ነዎት» እንዳሉዎ ያዩ ሰዎች ነግረውኛል። ፎጣ ተውሰው፣ አንገትዎ ላይ ጣል አድርገው ሲገቡ፣ ጋሽ ገመዳ ከአስፋልቱ ዳር ቆመው ኮፍያቸውን አንሥተውልዎ ነበር፤ አላዩአቸውም። የተዋሱት ፎጣ የወይዘሮ ሸዋወርቅ የሰሐን ማድረቂያ ስለሆነ ሲመችዎ ይመልሱላቸው። ገና ካልደረቀ ግን አይቸኩሉ።