አራስ ብቻዋን አትተውም

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ዛሬ ታላሶ በስልክ አሳፈረችኝ። ደግ አደረገች።

ታላሶ ኬንያ፣ ማርሳቢት ያለች አማካሪ ነርስ ናት። ከወለዱ በኋላ ጭንቀት የሚጫናቸውን እናቶች ለመርዳት የኛና የነሱ ጤና ጣቢያ አብረው መሥራት ከጀመሩ ወዲህ፣ እኔ እዚህ ጂማ አጠገብ፣ የቡ ከተማ፣ እናቶቹን ጠይቄ ቅጽ እሞላለሁ፣ እሷ እዚያ ሆና በኦሮምኛ ታማክራለች። በአካል አይቻት አላውቅም። ባለፈው ሳምንት የአንዷን አራስ፣ የዘይነባን ቅጽ ላኩላት። አሥር ጥያቄ፣ አሥሩም «ደህና»።

«ስትጠይቂያት ቤት ውስጥ ማን ነበር?» አለችኝ።

«አማቷ።»

«የመለሰችውስ ማን ናት?»

የመለሱት አማቷ እማማ ሸምሲያ ናቸው። «ፈያ ናት፣ ደህና ናት፣ አልሐምዱሊላህ!» እያሉ። ዘይነባ ግድግዳ ግድግዳውን ታያለች። እኔ ደግሞ ሚኒባስ እንዳያመልጠኝ ስጣደፍ ያሉኝን ጻፍኩ። አሥራ አንድ ዓመት አዋላጅ ሆኜ፣ እንደ ጀማሪ! አራስ ብቻዋን እንደማትተው ከማንም በላይ አውቃለሁ። ታዲያ የሆዷን መቼ ልትነግረኝ ነው? ይህን አላሰብኩም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ብቻዋን ላናግራት ሄድኩ። አልሆነም። እማማ ሸምሲያ ከአልጋው አጠገብ ንቅንቅ አላሉም። ውሃ ያጠጡኝ ብል ጀሪካኑ እጃቸው ሥር ነው። ትበላለች ወይ ብል «ትበላለች» አሉ፤ ገንፎው ግን አልተነካም።

የሚያስፈራኝ፦
ሕፃኑ አሥራ ዘጠኝ ቀኑ ነው፣ ሲያለቅስ ዞር ብላ አታየውም።
ባሏ ነዚፍ አጋሮ ቡና መፈልፈያ ነው የሚሠራው፤ ወቅቱ ስለሆነ እምብዛም አይመጣም።
ጓሮ የውሃ ጉድጓድ አለ። ክዳኑ ቆርቆሮ ብቻ።

ሴትየዋ አስጠሉኝ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ግን አስጠሉኝ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ዛሬ ስብሰባ ነበር፣ አንድም ቃል አልሰማሁም። ወደ መንደራ ቆጪ፣ ወደ ቤቴ ስመለስ ባጃጅ ውስጥ መጣልኝ። ፀሐይ! ሕፃኑን ጠዋት ጠዋት ፀሐይ የሚያሞቁት አያቱ ናቸው። አራሷ ጋ የሚያምኑት ሰው ከተቀመጠ ይወጣሉ።

ነገ ታላሶ ስልኳን ይዛ ትጠብቃለች። ጸለይኩ። ኔትወርክ እንዳይጠፋ ሁሉ ጸለይኩ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11



እማማ ሸምሲያ ሕፃኑን ቅቤ ቀብተው ተነሡ። «አለሽ አይደል፣ ሲስተር?»

«አለሁ፣ እማማ።»

ወጡ። ስልኩ ሁለት ጊዜ ተቆረጠ፣ በሦስተኛው ገባ። ድምፁን ከፍቼ ለዘይነባ ሰጥቻት በሩ ላይ ቆምኩ። ታላሶ ቀስ ብላ አናገረቻት። መጀመሪያ ለቅሶ፣ ከዚያ ቃል። ልጁን ሲያሳቅፏት የሰው አደራ እንጂ ልጇ አይመስላትም። ሁለት ጊዜ ጉድጓዱ ድረስ ሄዳለች። ሁለት ጊዜ! እኔ «ደህና» ብዬ የሞላሁላት ሴት!

ለማን እንንገርልሽ ስትባል፣ ለነዚፍ ትላለች ብዬ ስጠብቅ «ለአማቴ» አለች። «በሁለተኛው እጄን ይዘው የመለሱኝ እሳቸው ናቸው። አንድም ክፉ ቃል አልተናገሩኝም።»

እማማ ሸምሲያ ሲገቡ ነገርኳቸው። ልጁን እንዳቀፉ ቁጭ አሉ። «መጅኑን ናት፣ አብዳለች እንዳይሏት ብዬ ነው» አሉ። «አንቺ ትጽፊያለሽ፣ አገር ይሰማል፣ ስሟ ይጠፋል።» ለካ ከአልጋው የማይነቃነቁት ለዚህ ኖሯል! እኔ ደግሞ ክፉ አማት አድርጌያቸው አረፍኩ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ጂማ ሐኪም ጋ እንውሰዳት ስል ግን «አርባዋ ሳይሞላ? ወላሂ አይሆንም!» አሉ። ልሟገት ስል ታላሶ ስልኩን እንድሰጣቸው ነገረችኝ። አልተከራከረቻቸውም። ጠየቀቻቸው እንጂ። «እማማ፣ ቤቱ እሳት ቢነሳበት አራሷን እንዴት አድርገው ያወጧታል?»

«ተሸፍና፣ ብረት ይዛ፣ እኔ ከፊት ሆኜ።»

«እንግዲያው እሳት ተነሥቷል። እንዲያ አድርገው ያውጧት።»

ተነሥተው የቡና ጎተራውን ቁልፍ ፈቱና የጉድጓዱን ክዳን ቆለፉበት። ለነዚፍም ራሳቸው ደወሉ።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ጂማ ደርሰን መጣን። ኮንትራት መኪና ያዝን። እማማ ሸምሲያ ከፊት፣ ዘይነባ ከላይ እስከ ታች ተሸፋፍና ትንሽ ቢላ በእጇ፣ ነዚፍ ልጁን ታቅፎ። መንገዱን ሁሉ ጎረቤት ያየን ይሆን እያልኩ ስሰጋ ነበር። ሐኪሙ ጡት የማይከለክል መድኃኒት አዘዘላት። ወዲያው እንደማይሠራ ነገረን፣ ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል። እስከዚያ ብቻዋን እንዳትተው ብሎ ለመጪው ዓርብ ቀጠረን።

«ብቻዋንማ መቼ ትተናት እናውቃለን!» አሉ እማማ ሸምሲያ። ሐኪሙ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ሳምንታት ማለት ስንት ቀን ነው?

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ለታላሶ አዲሱን ቅጽ ላኩ። ዘይነባ ራሷ መልሳዋለች። ውጤቱ ያስደነግጣል፤ እውነት ግን ነው።

ከሰዓት ደወልኩ። ራሷ አነሣች። ድምጿ ያው ነው፣ ደካማ። በላሽ? ትንሽ። ተኛሽ? ትንሽ። ልጁስ? አማቴ ጋ። ደህና ዋይ ብዬ ልዘጋ ስል «ሲስተር» አለችኝ። «የመጪው ዓርብ ቀጠሮ፣ ስንት ሰዓት ነው የምንወጣው?»

«በሁለት ሰዓት» አልኳት።

ስልኩን ዘግቼ ኩሽና ቆሜ አለቀስኩ። ሰኞ እሄዳለሁ፣ ማክሰኞም እሄዳለሁ፣ ፍርሃቱ አለቀቀኝም። ግን ስለ መጪው ዓርብ ጠየቀችኝ እኮ!