ናፍጣ፣ ኤሌክትሪክና የአባባ ግራ እግር

ሰኞ፣ ጥቅምት 10 — ማታ
ዛሬም ራታችን ፒክአፕ ነበር። ሽሮው ቀዘቀዘ። አሮጌዋ መኪናችን ከናፍጣ እኩል ዘይት መጠጣት ከጀመረች ወዲህ ቤታችን ጋራዥ ሆኗል፣ ደብተሬ። አያቴ አባባ፣ ዕድሜ ልካቸውን ሹፌር፣ የእድሩን ድንኳንና አግዳሚ ወንበር የሚያመላልሱት እሳቸው፣ ያገለገለ ናፍጣ ይሁን ይላሉ። ባለ 2.8 ሞተር፣ ማርሹ በእጅ። እማዬ አዲሱን ኤሌክትሪክ ትላለች። አጎቴ ጋሼ ሙሉጌታ (ከአሁን በኋላ ጋሼ ሙ.) ሁለቱንም አይልም። የሚቀጥለው ዓመት ሞዴል ይሻላል፣ እንጠብቅ ይላል። ሚስት የሚጠብቀውም እንደዚሁ ነው።

እማዬ ኮስተር ብላ፣ እስከ እሑድ ካልወሰናችሁ እኔው መርጬ ሹፌርም እቀጥርላታለሁ አለች። አባባ የጠቀለሉትን መልሰው ትሪው ላይ አስቀመጡ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12
አባባ ከት/ቤት ወሰዱኝ። ከአየር ጤና ወደ ቤት በዳገቱ ቅርብ ነው። እሳቸው ግን ዞረው በሜዳው በኩል መሄድ ከጀመሩ ዓመት ሊሞላቸው ነው። አገር እንይ ነው ምክንያታቸው። ምን አገር? ጎማ ቤት፣ ብሎኬት ማምረቻ፣ ደግሞ ጎማ ቤት።

ዛሬ አየኋቸው። ማርሽ ለመቀየር ፍሪሲዮን ሊረግጡ ሲሉ ግራ ጉልበታቸውን በእጃቸው ወደ ታች ይገፉታል። ገባኝ። ዳገት ላይ፣ መኪና መሀል፣ ርገጥ ልቀቅ፣ ርገጥ ልቀቅ። አይችሉም። ሽማግሌው አገር እያዩ አይደለም፣ ከፍሪሲዮን እየሸሹ ነው!

ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። እማዬ ከሰማች ቁልፉን ትወስዳለች። አባባን ያለ መሪ አስቢያቸው። ቀኑን ሙሉ ሶፋ ላይ። ከጋሼ ሙ. ጋር። ግፍ ነው።

ዓርብ፣ ጥቅምት 14
ዘመቻ ጀምሬያለሁ። አባባን፣ ኤሌክትሪኳን እንያት እንጂ እንግዛት አላልኩም አልኳቸው። አንቺ ልጅ ምን አስበሻል? አሉኝ። ምንም። ፊቴን መልአክ አስመሰልኩ። አላመኑኝም፣ ግን እሺ አሉ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15
ከጋሼ ሙ. ጋር መኪና መሸጫው ሄድን። አባባ ኮፈኑን አስከፈቱ። ጆሯቸውን አስጠጉ። አስነሳው እስቲ አሉት ሻጩን ልጅ።
"ተነስቷል እኮ፣ አባቴ።"
ልጁን አዩት። ሞተሩን አዩት። እኔን አዩኝ። ሞተር በጆሮ ሲመርጡ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ዛሬ ጆሯቸው ሥራ ፈታ። ጋሼ ሙ.፣ የሚቀጥለው ዓመት ሞዴል ይሰማ ይሆናል አለ።

መሪ ያዙ። ግራ እግራቸው ፍሪሲዮን ፍለጋ ወለሉን ዳበሰ። ዳበሰ። አጣ። ቀስ ብሎ ዐረፈ።

ሻጩ አደባባዩን ዞረው እንዲመለሱ ነግሯቸዋል። አባባ ዳገቱን ያዙ! መንገዱ ተጨናንቋል። ይቆማሉ፣ ይነሳሉ፣ ይቆማሉ፣ ይነሳሉ። እያፏጩ! ሻጩ ከኋላ ሆኖ ያልበዋል። እኔ በመስኮት ወደ ውጭ። ዓይኔ አቧራ ገባበት በቃ።

ሲወርዱ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? ይቺ የጁስ መፍጫ ናት!

እሑድ፣ ጥቅምት 16
አባባ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ኤሌክትሪኳ ትሁን። ምክንያት፦ ለቅሶ ቤት ድንኳን ሲወርድ ሞተር ማጓራት ነውር ነው፣ ሐዘንተኛ አይረበሽ። አሮጌዋ ዕድሜዋን ሙሉ ሐዘንተኛ ላይ ስታጓራ ኖራ፣ ነውርነቱ ዛሬ ታወቀ! ጋሼ ሙ. ይህንኑ ሊል አፉን ከፈተ። በጠረጴዛው ሥር እግሩን ረገጥኩት። ፍሪሲዮን እንዲህ ነው የሚረገጠው።

ሹፌሩስ? አለች እማዬ። ሹፌሩ እኔ ነኝ አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ድምፅ ስለሌላት የሰፈር ሕፃናት አይሰሟትም፤ ስለዚህ ይቺ ለፍላፊ ጋቢና ተቀምጣ "መኪና!" እያለች ትጩህ። አባባ፣ ክላክስ የሚባል ነገር እኮ አለ ልል ነበር። ግራ ጉልበታቸውን እያሹ ጠቀሱኝ።

ለካ ማየቴን አይተዋል።

"መኪና!" ብዬ ጮህኩ፣ ለልምምድ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 3 — ከት/ቤት መልስ
መጣች! ነጭ። ደጅ ቆማለች፤ ስትመጣ ግን ማንም አልሰማትም። የእድሩ ድንኳን ዛሬ ከአስኮ ይመለሳል። ጋሼ ሙ. የሚቀጥለው ዓመት ቀይ ይወጣል እያለ ይዞራታል። አባባ ክላክሱን ያስጮሃሉ። አንዴ። ሁለቴ። አየሽ፣ ክላክስ እንዳለ ያውቃሉ። ታዲያ እኔን ለምን... ኧረ መጣሁ፣ አባባ! ደብተሬ፣ ዳገቱን ያለ እኔ እንዳይጀም—