የሜሮን ፊት በየስክሪኑ

ረቡዕ

አለቀልኝ። ሜሮን ጠዋት ደውላ "አንቺም በእኔ አፈርሽ?" አለችና ዘጋችው። ሌላ አንድ ቃል የለም።

ሠርጓን ፎቶ ያነሳሁት እኔ ነኝ፣ ባለፈው እሁድ፣ ሐይቅ ዳር። ፎቶዎቹን አስተካክዬ ትናንት በቴሌግራም ላክሁላት። ላፕቶፔ ላይ ታምር ነበር። አሁን በስልኬ ከፍቼ ሳያት ክው አልኩ። ፊቷ ላይ ዱቄት የተነሰነሰባት ነው የምትመስለው። አንገቷና ቬሎዋ አይለዩም።

ሜሮን ጥቁር ናት፣ የምታምር ጥቁር። ገና ሽማግሌ በተላከ ጊዜ የባሏ እናት፣ እትዬ ዘነበች፣ "ልጅቷ ጨዋ ናት፣ ትንሽ ጠቆረች እንጂ" ማለታቸውን ሰምታ ያለቀሰችው እኔ ትከሻ ላይ ነው። እና እኔ አብሮ አደጓ አንጥቼ ላክሁላት!

ሐሙስ

ስልክ አታነሳም። አሥራ አንድ ጊዜ ደወልኩ።

አንዷን ፎቶ ይዤ ስዞር ዋልኩ።
በላፕቶፔ፦ ሜሮን።
በስልኬ፦ የታመመች ሜሮን።
ባህል አዳራሽ ሰፈር፣ ጋሽ ታደሰ ማተሚያ ቤት ኮምፒውተር ላይ፦ ፈረንጅ።

ጋሽ ታደሰ ላፕቶፔን አዩና "ልጄ፣ ስክሪንሽ ለምን እንዲህ ጨለመ?" አሉኝ።

ወይ ጉዴ! ሰኞ መብራት ሲጠፋ ባትሪው እንዳያልቅብኝ የስክሪኑን ብርሃን ቀንሼው ነበር። ረሳሁት። የጨለመው ፎቶው መስሎኝ ፎቶውን አበራሁ፣ አበራሁ። ደደብ! ስድስት ዓመት ሙሉ በዚህ ሥራ ላይ ቆይቼ!

ዓርብ

ቢያንስ እዚህ ደብተር ላይ አልዋሽም። ጥፋቱ የስክሪኑ ብቻ አይደለም። ሙሽራ ሁሉ "ቀላ አድርጊኝ" ስለሚለኝ እጄ ለምዷል። ሜሮን ግን አላለችኝም። ፊቷ ሲፈካ "አማረባት" ብዬ ቀጠልኩ። አዎ፣ ብያለሁ። ራሴን ጠላሁት።

እሁድ ቅልቅል ነው። ሁለቱ ቤተሰቦች እትዬ ዘነበች ቤት ይሰበሰባሉ፣ ፎቶዎቹም በትልቁ ቴሌቪዥን ይታያሉ። ያልተነኩት ፎቶዎች አሉኝ፣ ተመስገን። ግን የትኛውን ስክሪን አምኜ ላስተካክል? ጭንቅላቴ ሊፈነዳ ነው።

ከሰዓት ቤቷ ሄድኩ። ከፈተችልኝ፣ ግቢ ግን አላለችኝም። የስክሪኑንም የእጄንም ነገር በር ላይ ቆሜ ተናዘዝኩ። "ነገ እመጣለሁ" አለችና በሩን ዘጋችው።

ቅዳሜ

መጣች! ሳትስመኝ ገባች።

መስኮቱ አጠገብ አስቀመጥኳት። የላፕቶፑን ብርሃን ወደ ነበረበት መልሼ ከጉንጯ ጎን ያዝኩት። አንዴ እሷን አያለሁ፣ አንዴ ፎቶውን።
"ቀንሺ" ትለኛለች። "አሁንም ቀንሺ።"
አንድ ቦታ ላይ ስደርስ "በቃ፣ ይኼ ነው" አለች። ሁሉንም በዚያው ልክ ሠራሁ። በስልኳም በስልኬም ከፍተን አየን። ትንሽ ይለያያል፣ ግን በሁለቱም እሷ ናት።

ስትወጣም አልሳመችኝም። ይቅር አላለችኝም ማለት ነው።

እሁድ

ምሥራቅ ክፍለ ከተማ፣ እትዬ ዘነበች ሳሎን። ቴሌቪዥኑን ቀድሜ ልሞክር ብዬ ነበር፣ ስደርስ ቤቱ በሰው ሞልቷል። የመጀመሪያው ፎቶ ወጣ። ቴሌቪዥኑ ከሁሉም ይጨልማል።

"ልጄ፣ እስቲ ትንሽ አብሪው። ጠቆረችብኝ" አሉኝ እትዬ ዘነበች፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት።

ሪሞቱ እጄ ላይ ነው። ብጨምር ሜሮንን ለሁለተኛ ጊዜ ላጣት ነው። ባልጨምር የሰው ቤት ነው፣ ትልቅ ሰው ናቸው። እግዚአብሔር ያውቃል፣ ጣቴ ቁልፉ ላይ ደርሶ ነበር።

ሜሮን ከባሏ ጎን ተነስታ መጣችና ሪሞቱን ከእጄ ወሰደች።

"እትዬ፣ ልክ ነው። እንደዚህ ነኝ" አለች፣ ቀስ ብላ፣ በአክብሮት።

እትዬ ዘነበች ምን እንዳሰቡ እንጃ፣ ነጠላቸውን አስተካክለው ማየታቸውን ቀጠሉ። ሜሮን ወደ ባሏ አልተመለሰችም። ሪሞቱን ጭኗ ላይ አድርጋ እኔ አጠገብ ጥግት ብላ ተቀመጠች፣ እስከ መጨረሻው ፎቶ።