ላቀች የተባለችው ጀልባ

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ ታላቅ ወንድሜ ለጋሼ ንጉሤ፤

እንዴት ነህ ለመሆኑ? ክረምት በገባ ቁጥር የሚነሳብህ ወገብህ ዘንድሮስ ተወህ? እትዬ ፋንታዬስ እንዴት ናት? ልጆቹስ? የደሴ ብርድ እንዴት ይዟችኋል? እማዬስ ዓይኗ ተሻላት? የላክሁላት ጠብታ ተስማማት ወይስ እንደ ልማዷ ለጎረቤት አደለችው? ያው እንደማደርገው ሁሉ ስለ ሁላችሁም በየተራ ብጠይቅ ደስ ባለኝ፤ ዛሬ ግን አቅም የለኝም።

ይህን ደብዳቤ ከጫማውና ከቫይታሚኑ ጋር የሚያደርስልህ ወልደየሱስ የሚባል ጎረቤቴ ነው። ለእህቱ ሠርግ ነው የሚመጣው። ምን እንደያዘ አያውቅምና ፊቱ አትክፈተው። ምሳ አብልተህ፣ አመስግነህ ሸኘውና ብቻህን ሆነህ አንብበው።

ጋሼ፣ ወንድማችን ቢሩክና ሚስቱ ሔርሞን ባሕር ላይ ቀርተዋል። ይህን በስልክ ልነግርህ አልቻልኩም፤ ደግሞም እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይነገርም። አባታችን ያረፈ ጊዜ ለእኔ ሳይሆን እዚህ ላለው የእድር ሰብሳቢ ለጋሼ ገብረኪዳን ደውላችሁ፣ እሳቸው በማለዳ ሰው ሰብስበው በሬን አንኳኩ። ለአንተም እንደዚያ የሚያንኳኳልህ ሰው ፈልጌ ነበር። ነገር ግን ደሴ ላሉት ዘመዶች ብነግር ከአንተ በፊት እማዬ ጆሮ ይገባል። እንዲህ በወረቀት ያረዳሁህ ጨንቆኝ ነው፤ ይቅር በለኝ።

ለእማዬ መርከብ ላይ ሥራ ይዟል ብለናት እንደነበር ታውቃለህ። እውነቱን ለአንተም በደንብ አላስረዳሁህም። ምን ብዬ ላስረዳህ? ሰው ሬይኖልድስበርግ ያለውን ደህና ቤቱን ሸጦ፣ እሱ ትራኩን፣ እሷ የሆስፒታል ሥራዋን ትታ፣ ውሃ ላይ ሊኖር ሄደ ይባላል? ሐይቅ ስንወርድ እግሩን እንኳ ለመንከር የሚፈራ ልጅ እኮ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ሉዊስ ሴንተር አጠገብ አንድ የግድብ ውሃ አለ፤ እዚያ ቅዳሜ ቅዳሜ ሸራ መወጠር ተማሩና በዚያው ተለከፉ። እብድ ብዬዋለሁ፣ ዓይኑ እያየ። እሱ ግን ሳቀና፣ "አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር ድራይቭ አድርጌ ያየሁት ያንኑ አንድ ጋዝ ስቴሽን ነው፤ አሁን ደግሞ የሰው እጅ ያልሠራውን ነገር ልይ" አለኝ።

የገዟት ካታማራን የሚሏትን ነው፤ ጎን ለጎን የተያያዙ ሁለት ቀጫጭን ጀልባዎች፣ መሐላቸው ቤት፣ ላያቸው ላይ ሸራ። ስሟን የእማዬን ስም አወጡላት፤ "ላቀች" ብለው በአማርኛ ግራና ቀኝ አጻፉባት። ሦስት ዓመት ኖሩባት። አንዳቸው ሲተኙ ሌላቸው ይጠብቃል፤ በባሕር ውሃ ይታጠቡና በኩባያ ንጹሕ ውሃ ይለቃለቃሉ። ሁዳዴ ላይ ዓሣ ራሱ እየዘለለ ጀልባው ላይ ይወድቅ ነበር። ሔርሞን እየለቀመች ወደ ባሕሩ ስትመልስ፣ እሱ "እግዜር የላከውን" እያለ ሲከራከራት ቪዲዮ ልከውልኝ ስቄ ልሞት ነበር። እውነቱን ልንገርህ፣ ቀንቼባቸዋለሁ። ባልና ሚስት እንደዚያ ሲሳሳቁ እዚህ አገር ብዙ አላየሁም።

ከፋሲካ በኋላ ከፓናማ ተነሥተው ትልቁን ውቅያኖስ ሊያቋርጡ ገቡ። ማዶ ካሉት ደሴቶች እስኪደርሱ ወር ያህል መሬት የለም። በሳተላይት አጭር አጭር መልእክት ይልኩልኝ ነበር። የመጨረሻው እንዲህ ይላል፦ "ነፋሱ ትንሽ በርትቷል። ከናፍቆታችሁ በቀር ምንም አልጎደለብንም፤ ደህና ነን፣ አታስቡ።" ከዚያ ዝም አሉ። ልጄ ሮሃ ካርታው ላይ ስትከታተላቸው የነበረችው ምልክት አንድ ቦታ ቆመች። "ባትሪ ይሆናል ማም፣ ዘይ አር ፋይን" ትለኛለች፤ እሷም ግን ስልኩን ከእጇ አታወርድም።

ለባሕር ነፍስ አድን ሠራተኞች ደወልኩ። አንድ ትሑት ሰውዬ አነጋገረኝና የመጨረሻውን መልእክት ቃል በቃል ተርጉሚልኝ አለኝ። ተረጎምኩለት። "እንግዲያው ደህና ነን እያሉ ነው፤ ብዙ ጊዜ መሣሪያው ይበላሻል፤ ትንሽ እንጠብቅ" አለ። ጋሼ፣ ያን ጊዜ የያዘኝን ነገር ምን ብዬ ልጻፍልህ። እኛ ጣራው እየተቃጠለም ደህና ነን እንደምንል ለፈረንጅ እንዴት ይነገራል? ከዓመት በፊት የጀልባዋ መሪ ተሰብሮ ሲንገላቱ የሰነበቱ ጊዜ የጻፉልኝ ይህንኑ ነው፤ እውነቱን የሰማሁት ወደብ ከገቡ በኋላ ነው። እንደምንም ብዬ አስረዳሁት። የእኛ ሰው ራቅ ላለ ዘመድ ክፉ አይጽፍም፤ "ትንሽ በርትቷል" ካለ በጣም በርትቷል ማለት ነው አልኩት። ሰምቶ ጻፈ። ሰውየው አልበደለም፤ በእጁ ያለው ቃል ደህና ነን የሚል ነው። አውሮፕላን ተነሥቶ ፍለጋ እስኪጀመር ግን ቀኑ ሄደ።

ሰኔ ላይ ያው ሰውዬ ኮል አደረገኝ። "ላቀች ተገልብጣ ተገኝታለች" አለኝ። የእናቴን ስም ነው እንዲህ የጠራው። አንድ የጭነት መርከብ ነው ያገኛት፤ ሰው የለባትም። ፎቶውን ላኩልኝ፤ ፊደሉ ተዘቅዝቆ ውሃው ውስጥ ይታያል። የነፍስ ማዳኛዋ የጎማ ጀልባ ወጥታ ከሆነ ብዬ ጠየቅሁ። ከነማሰሪያዋ እዚያው ነበረች። ከዚያ በኋላ ደሴት ላይ ይሆናሉ፣ ዓሣ አጥማጆች አግኝተዋቸው ይሆናል የሚለኝን ሁሉ መስማት አስጠላኝ።

ጋሼ ገብረኪዳን ደጋግመው መጡ። ድንኳኑ ይተከል ወይ ይሉኛል። ሬሳ ሳይኖር ምን ብዬ ልቀመጥ እያልኩ መለስኳቸው። ተስፋ ኖሮኝ አይደለም፤ ከተቀመጥኩ ለእማዬ መነገሩ አይቀርም ብዬ ነው። የሔርሞን እናት እትዬ መብራት ግን ፎቶው የመጣ ዕለት ጥቁር ለበሱ። በየሳምንቱ ዋይትሆል እኔ ቤት ድረስ በአውቶቡስ እየመጡ አጠገቤ ይቀመጣሉ። ትናንት፣ ፍልሰታ በተፈታ ማግስት፣ "ልጄን ብቻዬን እያለቀስኩላት ነው፤ እስከ መቼ ነው ብቻዬን?" አሉኝ።

እንቁጣጣሽም ደረሰ። ቢሩክ የትም ይሁን የት ያን ቀን ለእማዬ ሳይደውል ቀርቶ አያውቅም። ስልኩን ጭኗ ላይ አድርጋ ስትጠብቅ ከምትውል፣ ካንተ አፍ ትስማው። ስለዚህ ሰኞ ነሐሴ 26 ቀን ማለዳ፣ አክስቶቻችንንና የነፍስ አባቷን ይዘህ ንገራት። እኛም እዚህ ሰኞ እንቀመጣለን፤ ለጋሼ ገብረኪዳን እሺ ብያቸዋለሁ። የት ነው የተቀበረው ብላ ትጠይቅሃለች። እኔ ለዚህ የምትመልስላትን ላገኝልህ አልቻልኩም።

እትዬ ፋንታዬን ሰላም በልልኝ፤ ብቻህን አትችለውምና ለእሷ ቀድመህ ንገራት። የአብሥራን ጫማው ከጠበበው ሳይለብሰው ይመልሰው በለው። ትንሹን ኤርምያስን ግንባሩን ሳምልኝ። እማዬን ደግሞ እሑድ ከቅዳሴ ስትመለስ ጉልበቷን ሳምልኝ። ስለ ቢሩክ ካነሳችብህ ወሬ ለውጥ። ያችን አንድ እሑድ የሦስት ልጆች እናት ሆና ትዋል።

እህትህ ህብረት
ዋይትሆል፣ ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ
ነሐሴ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.