አሮጌው ኮምፒውተርና የላክሽው ካርድ

ቅዳሜ፣ የካቲት 16

ለምወድሽ ልጄ፣ ለዓይኔ ማረፊያ፤

እንዴት ሰነበትሽ? ብርዱስ እንዴት ይዞሻል? እኛ ደህና ነን። ይህን ሳነብልሽ ብትሰሚኝ «አይ እማዬ!» እንደምትይ አውቃለሁ፤ ግን ደህና ነን።

ባለፈው በስልክ «ትምህርቴን አቋርጬ እመጣለሁ» ስትይኝ መልስ ሳልሰጥሽ መስመሩ ተቋረጠ። መልሼ ያልደወልኩት ሆን ብዬ ነው። አንቺ ማልቀስ ከጀመርሽ እኔ የምለው ይጠፋብኛል። ተቀምጬ ብጽፍልሽ ይሻላል አልኩ። መልሴ ግን ከላክሽው ካርድ ስለሚጀምር ታገሺኝ።

የኮምፒውተሩን ሥዕል የሚያፈጥነው ግራፊክስ ካርድ በሰላም ደርሷል። ጓደኛሽ እቤት ድረስ አምጥታ ሰጠችን፤ እግዜር ይስጥልኝ በያት። አባትሽ ሳጥኑን ሲያይ ፊቱ እንዴት እንደፈካ! ንግግር የምታስተምረው ባለሙያ «እጁም አንደበቱም የሚወዱትን ሥራ ይፈልጋሉ» ካለችን ወዲህ ሐሳቤ ሁሉ አባትሽ ይሠራበት የነበረው የቤት መንደፊያ ፕሮግራም ላይ ነበር። ኮምፒውተሩ ግን የቤቱን ሥዕል ገና ማዞር ሲጀምር ድርቅ ይላል። አባትሽም አብሮት ድርቅ ይላል።

ንግግሩ እንደምታውቂው ነው። ያ ስትሮክ ቀኝ ጎኑን ከያዘው ወዲህ የቀረችው ያቺ «ቆይ» የምትል ቃል ብቻ ናት። ውሃ ሲጠማው «ቆይ»፣ ሲናደድ «ቆይ»፣ ሲስቅም «ቆይ»። እኔንም እንደ ወንድ «ቆይ» ነው የሚለኝ። መጀመሪያ ግራ ይገባኝ ነበር፤ አሁን በድምፁ እየለየሁ መልስ እሰጠዋለሁ።

መንገዱ ጥግ ያለው ኮምፒውተር ጠጋኝ መጥቶ አየልን። ክዳኑን እንኳ ሳይከፍት፣ «እናቴ፣ ይሄ እኮ ጡረታ የወጣ ነው። ካርዱ አዲስ፣ እሱ አሮጌ፤ አይግባቡም። ባይደክሙ ይሻላል» አለኝ።

አጎትሽ ደግሞ ሶፋው ላይ ተደላድሎ፣ «አዲስ ጠጅ በአሮጌ አቁማዳ!» ብሎ አገዘው።

«አቁማዳው ከተቀደደ እሰፋዋለሁ፤ ሥራዬ ነው» አልኩት።

ሳቅን። አባትሽ ግን አልሳቀም፤ አቀረቀረ። «አሮጌ» የተባለው ኮምፒውተሩ ብቻ አልመሰለውም። ያኔ ነው ነገሩ እልህ ውስጥ የከተተኝ። እንግዶቹ እንደወጡ የስፌት መኪናዬን መፍቻና ብሩሽ አምጥቼ ኮምፒውተሩን ጠረጴዛው ላይ አጋደምኩት።

ልጄ፣ አቧራውን ብታዪ! ትራስ ይሞላ ነበር። አባትሽ ዊልቸሩ ላይ አጠገቤ ተቀምጦ በግራ እጁ እየጠቆመኝ ጠረግኩት። ካርዱ መጀመሪያ አልገባ አለ፤ ረጅም ስለሆነ ሃርድ ዲስኩ መንገድ ዘጋበት። ሃርድ ዲስኩን ፈትቼ ወደ ታችኛው ማስቀመጫ አወረድኩት፤ ካርዱም ቀጭ ብሎ ቦታውን ያዘ። አበራሁት። ማራገቢያው ዞረ፤ ስክሪኑ ግን ድቅድቅ ጨለማ። የስክሪኑን ገመድ ከድሮው ቀዳዳ ነቅዬ ካርዱ ላይ ሰካሁ። አሁንም ጨለማ።

አገላብጬ ሳየው ካርዱ ጫፍ ላይ ምንም ያልተሰካበት ቀዳዳ አለ። ለካ የራሱ የኃይል ገመድ ይፈልጋል፤ ለኮምፒውተሩ ኃይል የሚያድለው የእኛ ፓወር ሰፕላይ ደግሞ እንዲህ ያለ ገመድ አልነበረውም። ነጠላዬን ጣል አድርጌ ወደ ጠጋኙ ሄድኩ።

«አሁንም አልተዉትም?» አለኝ።

«አልተውኩም። ጉልበት ያለው ፓወር ሰፕላይ አለህ?»

ራሱን ነቀነቀና ሳቀ። ከሌላ ኮምፒውተር የወጣ ደህና ፓወር ሰፕላይ ከመደርደሪያው ሥር ጎትቶ አወጣ፤ እዚያው ሞክሮ ሰጠኝ። «ካልሆነ ይመልሱልኛል» አለ። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ትዕግሥት ብቻ ነው የሚያንሰው።

እቤት ስመለስ አሮጌውን አውጥቼ አዲሱን አሰርኩ። ከእሱ የሚወጡት ገመዶች ግን እንደ መንታ ልጆች ይመሳሰላሉ። አንዱን ይዤ ካርዱ ላይ ገፋሁ፤ እምቢ አለ። መርፌም እምቢ ሲል ገፋ ማድረግ ነው እንጂ ብዬ አጥብቄ ልገፋው ተነሳሁ።

«ቆዪ!» አለ አባትሽ።

እጄ ባለበት ቀረ። «ቆይ» አይደለም፤ «ቆዪ» ነው ያለኝ። ዞሬ አየሁት። እሱ ምን እንዳለ እንኳ አላወቀውም፤ ዓይኑ መሰኪያው ላይ ተተክሎ በጣቱ ሌላውን ገመድ ያሳየኛል። የያዝኩት ለካ የፕሮሰሰሩ፣ የኮምፒውተሩ አንጎል ገመድ ኖሯል፤ በግድ ብከተው ካርዱን አቃጥለው ነበር። ገመዱን ቀየርኩ። ዓይኔንም አቧራ የገባበት አስመስዬ በክንዴ ጠረግኩ።

እንግዲህ ይበራል አይደል? አልበራም! እውነቱን ልንገርሽ፣ ያን ጊዜ ልተወው ነበር። ጠጋኙ ጋ ደወልኩ።

«ካርዱን አውጥተው እንደ ድሮው ቢያስነሱት ይነሳል?» ብሎ ጠየቀኝ።

ሞከርኩት፤ ተነሳ።

«እንግዲያው አልሞተም። ባዮሱ አርጅቶ ካርዱን አላወቀው ይሆናል» አለና አስረዳኝ። ባዮስ ማለት ኮምፒውተሩ ገና ሲነቃ መጀመሪያ የሚከተለው መመሪያ ነው። አዲሱን በፍላሽ ጭኖ ራሱ አመጣልኝና እንዴት እንደሚታደስ አሳየኝ። ደንበኛ ስለሚጠብቀው መሄድ ነበረበት፤ በር ላይ ቆሞ፣ «እያደሰ ሳለ መብራት ከሄደ ግን በቃ፤ ጭራሽ አይነሳም። ያስቡበት» አለኝ።

አባትሽን «እንሞክር ወይስ ይቅርብን?» አልኩት። ከዚያ የግራ እጁን አንስቶ ጣቱን ቁልፉ ላይ አኖረና አየኝ። ጣቴን በጣቱ ላይ አድርጌ አብረን ተጫንነው።

አጎትሽ ያን ሰዓት ተመልሶ መጥቷል። ምኑንም ሳያውቅ ውሃ ላፍላ ብሎ ያንን መብራት የሚያጠፋብንን የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ ሊሰካ ሲል፣ «ንካውና ወየውልህ!» ብዬ ጮኽኩበት። ማንቆርቆሪያውን እንዳቀፈ እንደ ሐውልት ቆሞ ቀረ። ሦስታችንም ትንፋሻችንን ውጠን እድሳቱ የት እንደደረሰ የምታሳየውን ቀርፋፋ መስመር ስትሞላ አየናት። ሞላች። ካርዱን መለስኩት፤ አበራሁት።

ስክሪኑ ቦግ አለ! አጎትሽ ከእኔ በላይ ጮኸ። አቁማዳውን ረሳው መሰለኝ።

ካርዱን የሚያሠራውን ፕሮግራም፣ ድራይቨሩን፣ ከጫንን በኋላ አባትሽ ከመታመሙ በፊት የጀመረውን ንድፍ ከፈተ፤ ያንን ለእኛ ብሎ የሚያስበውን ፎቅ ቤት። በግራ እጁ ማውሱን ያዘ። ቀስቱ ይንቀጠቀጣል፣ ይስታል፣ ይመለሳል። ልረዳው እጄን ስዘረጋ ገፋኝ። ከሰዓቱን ሙሉ ምን ሲሠራ ዋለ መሰለሽ? ደጃፉ ላይ ያሉትን ደረጃዎች አንድ በአንድ ሰረዘ። በቦታቸው ዊልቸር የሚወጣበት ሰፊ ዘቅዛቃ መንገድ ሠራ። ስለ ደረጃ እኔ አንድም ቀን አንስቼበት አላውቅም። ሲጨርስ ቤቱን አዙሮ አሳየኝ፤ ኮምፒውተሩም አልደረቀም።

መልሴ ይኸው ነው፦ ትምህርትሽን ጨርሺ። አይደክመኝም ብዬ አልዋሽሽም። አባትሽ እንደ ድሮው ይሆናል ብዬም አልዋሽሽም። ግን እዚህ ቤት ተስፋ የቆረጠ ሰው የለም፤ ለእኛ ብለሽ የጀመርሽውን ብታቋርጪ እሱ ነው የሚጎዳን። ስትመረቂ ያቀድሽውን ሁሉ ይዘሽ ነይ።

የምትረግጪው ምድር ይመችሽ፤ የምታነቢው ይግባሽ፤ ስትታመሚ ውሃ የሚያቀብል፣ ስትስቂ አብሮ የሚስቅ ሰው አይጥፋሽ። አባትሽ አጠገቤ ነው። ከታች ያለው ጠመም ያለ መስመር የእሱ ፊርማ ነው፤ በግራው ነውና አትሳቂበት።

ክፍልሽን ጠርጌ አንሶላውን ቀይሬዋለሁ። አቧራ በዝቶ ነው እንጂ ሌላ ምክንያት የለውም።

እናትሽ